የኋላ መብራት ጠፋ ብላችሁ ሙሉ ሽቦ እንዳታስቀይሩ

ባህር ዳር ያላችሁ የፒክአፕ ባለቤቶችና ሹፌሮች፣ በኋላ ሳትነግረን ቀረህ እንዳትሉኝ። የኋላ መብራት እምቢ ብሏችሁ ጋራዥ ገብታችሁ "ሽቦው ከውስጥ ተቃጥሏል፣ በሙሉ ካልተቀየረ አይሆንም" ከተባላችሁ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት "የቱ ጋ ነው የተቃጠለው? አሳየኝ" በሉ። ካላሳያችሁ መኪናችሁን አስነስታችሁ ውጡ።

መኪናዬ አሮጌ ሃይሉክስ ናት። ከጣና ዳር ዓሳ፣ ከወረታ ሩዝ ትጭናለች። የግራ የኋላ መብራቷ ጠፋ፤ ቀኙ ደህና ነው። የሚገርመው ግን ፍሬን ሲረገጥ የግራው ፍሬቻ ሳይነካ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ይህን ለኤሌክትሪሺያኑ ነገርኩት። ቴስተር እንኳ ከሳጥኑ አላወጣም። ከኋላ ጎንበስ ብሎ አየት አደረገና ሙሉ የኋላ ሽቦው እንዲቀየር፣ ሁለቱም መብራቶች ከነቤታቸው አዲስ እንዲገቡ ፈረደ። አንዱ ብቻ ከተቀየረ "አይመጣጠንም" አለ። መብራቱን ራሱ ከሚያውቀው ሱቅ አስመጣ። ዕቃው፣ ሽቦውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ 17,500 ብር።

ስንወጣ በራ። ዓሳ ጭና ስትመለስ ግን ያው ጠፋ። ጋራዡ "ዕቃው ነው፣ ሻጩን ጠይቅ" አለ። ሻጩ ደግሞ "የመብራት ዕቃ ዋስትና የለውም፣ ገጣሚው ነው ያበላሸው" አለ። እጄ ላይ ያለችው ወረቀት "የኤሌክትሪክ ሥራ" ትላለች፤ ማህተም የለ፣ ዝርዝር የለ። አሮጌዎቹ መብራቶችስ? "ጣልናቸው"። ደህና የነበረው የቀኙ መብራት ጭምር ተጣለ ማለት ነው። እመኑ ካላችሁ እመኑ።

ሌላ ሰፈር ያሉ አንድ ጠና ያሉ ባለሙያ ጋ ወሰድኳት። የፍሬቻውን ነገር እንደነገርኳቸው "ማሳ ነው" አሉ። ማሳ ማለት ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለስበት የኔጌቲቭ ሽቦ ነው። መብራቱን በካቻቢቴ ፈቱ። ቁራጭ ሽቦ አነሱና አንዱን ጫፍ ከመብራቱ ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ቀለሙ ከተፋቀ ብረት ላይ አስነኩት። ቦግ አለ! ሽቦውን ሲያነሱት ጠፋ፤ ሲያስነኩት በራ። ከዚያ ከመጫኛው ሥር ገብተው ማሳው ሻሲው ላይ የታሰረበትን ቡሎን አሳዩኝ። አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ዝገት ለብሷል። ከዓሳው ላይ የሚቀልጠው በረዶ ውሃው የሚንጠባጠበው በዚያው በኩል ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፣ ቡሎኑን ቀየሩ፣ ግራሶ ቀቡት። አለቀ። የጠየቁኝ ብር ለምሳ እንኳ የሚበቃ አይደለም።

የመጀመሪያው ጋራዥ ላይ ለምን በራ ካላችሁ፣ ሽቦው ሲነካካ ዝገቱ ለጊዜው ስለተፋቀ ነው። ፍሬቻው የሚያሳየው ነገርም ከዚህ የመጣ ነው። የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በማሳው በኩል መመለሻ ሲያጣ በጎረቤቱ አምፖል አቋርጦ ይመለሳል። ስለዚህ አንዱን ስታበሩ ሌላው ከደበዘዘ ወይም ካልጠራችሁት ከበራ፣ መጀመሪያ የሚታየው ማሳ ነው።

"አዲሱ ሽቦ"ማ ሌላ ጉድ ነው። ባለሙያው ናስትሮውን (የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተሩን) ገለጥ ሲያደርጉት ከሥሩ የወጣው የድሮው ሽቦ ነው። በላዩ አዲስ ጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎበት ነው "ተቀየረ" የተባለው።

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁ የምታዩት ነገር አለ። ሁለቱም የኋላ መብራቶች ጠፍተው የፍሬኑ ከሠራ፣ የክሩስኮቱ (የዳሽቦርዱ) መብራትም አብሮ ከጠፋ፣ ፊውዙን ተመልከቱ። የፍሬኑ መብራት በሁሉም በኩል ከጠፋ ደግሞ የፍሬን ፊውዙን፣ ከፔዳሉ በላይ ያለችውን ስዊችና አምፖሎቹን እዩ። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ አምፖሉን አውጡት። በብዙ ፒክአፕ ላይ ያለው 12 ቮልት፣ 21/5 ዋት ነው፤ በውስጡ ሁለት ክር አለው። ባለ 5 ዋቱ የማታ መብራት፣ ባለ 21ዱ የፍሬን ነው። ስለዚህ ፍሬኑ በርቶ የማታው ከጠፋ አንዱ ክር ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። አምፖል ደግሞ ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ነው።

ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ ብዙውን ጊዜ የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት እየነካ ነው። ያኔ "ትልቅ ፊውዝ ላድርግልህ" ወይም "በሽቦ ላገናኘው" የሚል ሰው እጅ ውስጥ መኪና አትተዉ። በ10 አምፔር ቦታ 30 ከገባ ፊውዙ ሳይቃጠል ሽቦው ይቀልጣል። መኪና የሚነደው እንዲህ ነው።

ዕቃ የሚቀየር ከሆነ አሮጌው የእናንተ ነውና ተቀበሉ፤ ቢያንስ ደህናው አይጠፋባችሁም። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነትና ዋጋ፣ የእጅ ዋጋውም ለየብቻ ይጻፍ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ግን ንግድ ጽህፈት ቤት ሄዳችሁ አቤት ስትሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት ደረሰኝ ነው፤ እንደ እኔዋ ዓይነት ብጣሽ ወረቀት ይዛችሁ ብትሄዱ የትም አታደርስም።

የጋራዡን ስም በውስጥ መስመር አትጠይቁኝ፣ አልናገርም። "ሙሉ ሽቦ ተቀይሯል" ተብላችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ግን ባትሪውን ፈታችሁ ናስትሮውን በምላጭ ትንሽ ቀደድ አድርጉትና ከሥሩ ያለውን እዩት።