ሞረድ ልግዛ ወይስ ግራይንደር? ቢላዋ መሥራት ለሚጀምር ሰው

ቢላዋ በገዛ እጁ መሥራት ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄን ነው፤ ብረቱን በምን ልቅረጸው? ቪዲዮ ላይ የምናየው ሁሉ ግራይንደር ፊት ቆሞ ብልጭታ ሲረጭ ነው። እኔም በዚያ ብልጭታ ተሸውጄ ነው የጀመርኩት። ሁለት ጥሩ ጥሩ ብረት አበላሽቼ ወደ ሞረድ ዞርኩ። ስለዚህ ሚዛኔ ወደ ሞረድ ትንሽ ያጋድላል፣ ቀድሜ ልናገር።

በፍጥነት አንከራከርም። የለመደ እጅ በቀበቶ ግራይንደር፣ ማለትም የሚዞር የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ ባለው ማሽን፣ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው በሞረድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ማታ ትከሻችሁን ያማችኋል።

ችግሩ ግራይንደር ስህተቱንም ያፈጥነዋል። ባለ 125 ሚሊ ሜትር ዲስክ የእጅ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል፤ እጃችሁ ለአፍታ ከተዛነፈ ብረቱ ላይ የማይጠፋ ጉድጓድ ይቀራል። የእኔ ጉድ የደረሰው እጀታው አጠገብ ነው፣ ወደ ስለቱ እየሳሳ የሚወርደው ተዳፋት የሚጀምርበት መስመር ላይ። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ቀኙ ትንሽ አለፈ፣ ግራውን ላስተካክል ስል እሱ ደግሞ አለፈ፣ እንደገና ወደ ቀኙ፣ እንዲህ ስል ስል የወጥ ቤት ቢላዋ ሊሆን የታሰበው የፖስታ መክፈቻ አከለ። ሞረድ ግን በአንድ ግፊት የሚያነሳው ትንሽ ስለሆነ ስህተቱ ሲመጣ ታዩታላችሁ። ብረቱን በማርከር ቀቡትና ሁለት ሦስቴ ሞርዱት፤ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ የት እየበላችሁ እንደሆነ ይነግራችኋል።

አሁን ሞረድ የማይሻገረውን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ገዝቶ ይናደዳል። ሞረድ የሚበላው ለስላሳ ብረት ነው። ግሎ ዘይት ውስጥ ተነክሮ የጠነከረ ቢላዋ የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል ሲ መለኪያ 60 አካባቢ ይደርሳል፣ ሞረዱ ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ መስታወት ላይ እንደሄደ እየተንሸራተተ ጥርሱን ይጨርሳል። የሞረድ ሥራ ሁሉ ከማጠንከሩ በፊት ማለቅ አለበት። ያኔም ቢሆን ስለቱን እስከ መጨረሻው አታሳሱት፣ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተዉለት፣ አለዚያ ሲነከር ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የቀረውን በብርጭቆ ወረቀትና በመሳያ ድንጋይ ትጨርሱታላችሁ።

ግራይንደር የጠነከረውንም ይበላል፤ ትልቁ ብልጫው ይሄ ነው። ግን ያግላል። ስለቱ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል፣ እዚያ ጋ ብረቱ ለስልሷል፣ ስለቱም አይበረክትም። በየመሃሉ ውኃ ውስጥ እየነከሩ መሥራት ግድ ነው። የመኪና ባሌስትራ አግኝታችሁ በሞረድ መሥራት ካማራችሁ ደግሞ፣ ቀድሞ የጠነከረ ብረት ስለሆነ፣ መጀመሪያ ማግኔት እስከማይዘው ድረስ አግሉትና አመድ ውስጥ ቀብራችሁ ቀስ ብሎ እንዲበርድ እደሩበት። ከዚያ በኋላ ሞረዱ ይይዘዋል።

ሁለት ክብ ድንጋይ ያለውን የጠረጴዛ ግራይንደርስ? ለዚህ ሥራ ብላችሁ አትግዙት። ጠባብ ክብ ድንጋይ ረጅም ተዳፋትን ጎርበጥ ጎርበጥ ያደርገዋል እንጂ አያስተካክለውም። ማሽን ከሆነ የቀበቶውን ግዙ፤ ቢላዋ ሠሪዎች የለመዱት 50 በ1830 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቀበቶ ነው፣ ፍጥነቱ የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ ለጀማሪ ይቀላል። ቀበቶው ግን ያልቃል፣ ሁልጊዜ ይገዛል። የብረት ብናኙ ሳንባ ስለሚገባ ጥሩ ጭምብል፣ የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያም አብረው ይመጣሉ። ግድግዳ የሚጋራችሁ ጎረቤት ካለ ድምፁንም አስቡት።

ለሞረድ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ባለ 12 ኢንች ሻካራ፣ ባለ 10 ኢንች ለስላሳ፣ ለእጀታው ጥግ አንድ ቀጭን ክብ። አንድ ዓይነት የሻካራነት ደረጃ ተጽፎባቸውም ረጅሙ ሞረድ ከአጭሩ ይሻክራል፣ ስለዚህ ደረጃውን ብቻ አይታችሁ አትሸወዱ። አንደኛው ጠርዙ ጥርስ የሌለው ብታገኙ መስመሩን ሳይነካ ጥግ ድረስ ይገባላችኋል። ስትገዙ ወደ ብርሃን አዘንብሉት፤ የጥርሱ ጫፍ ነጭ ሆኖ ካብለጨለጨ የደነዘ ነው፣ መልሱት። እጀታም ግዙለት፣ ብዙዎቹ ያለ እጀታ ነው የሚሸጡት፣ ያ ሹል ጭራ መዳፍ ይወጋል። ጥርሱ ላይ ጠመኔ እሹበት፣ ፍቅፋቂው እንዳይሰነቀርና ብረቱን እንዳይቧጥጥ። የሚበላው ወደፊት ሲገፋ ብቻ ነው፤ ሲመለስ አንሱት።

በዓመት ሁለት ሦስት ቢላዋ ለሚሠራ ሰው ሞረድ ይበቃዋል ባይ ነኝ። በየሳምንቱ ሠርቶ የሚሸጥ ግን በሞረድ ጊዜውን አይግደል። እኔ ዛሬ የውጪውን ቅርጽ በእጅ ግራይንደር ቆርጬ፣ ተዳፋቱን በሞረድ አወርዳለሁ።

ከገንዘባችሁ ላይ የምትቆጥቡ ከሆነ ግን ብረቱን ጨምድዶ በሚይዘው ሞርሳ አይሁን። ክርናችሁ ከፍታ ላይ፣ ከባድ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ይሁን። በሚወዛወዝ ሞርሳ ምርጡም ሞረድ እየጮኸ ይንቀጠቀጣል፤ ብረቱ ላይ የሚተወውን ሞገድ በብርጭቆ ወረቀት ስታጠፉ ሙሉ ቀን ትውላላችሁ።