ቦታው ሳይሞላ መብራቱ የሞላበት ዳታ ሴንተር፦ የአሥራ አራት ወር ደንበኛ ግምገማ

ስድስት ሆነን የምንሠራበት ድርጅታችን የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ያሠለጥናል። ሰርቨሮቻችንን ለሁለት ዓመት ያህል ሃያ ሁለት አካባቢ በሚገኘው ቢሮአችን የኋላ ክፍል አቆይተናቸው ነበር፤ መብራት በሄደ ቁጥር የቀናት ሥልጠና ከመሃል ይቋረጣል፣ መብራት ባለበት ቀን ደግሞ የማራገቢያው ጩኸትና ሙቀቱ ከጎን ተከራዮች ጋር ያጣላናል። ስለዚህ ከአሥራ አራት ወር በፊት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ከጎሮ አለፍ ብሎ፣ የደንበኞችን ሰርቨር ተቀብሎ በኪራይ ወደሚያሳድር አንድ የግል ዳታ ሴንተር አዛወርናቸው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ከሠራተኞቹ ጋር ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ ከውሉ ጋር ነው፣ ተመሳሳይ ውል ደግሞ ሌላም ቦታ ሊያጋጥም ይችላል።

በመልካሙ ልጀምር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰርቨሮቻችን በኃይል መቋረጥ ምክንያት አንድም ጊዜ አልጠፉም። ባለፈው ሐምሌ በአካባቢው ለስድስት ሰዓት ያህል መብራት በጠፋበት ቀን በአጋጣሚ እዚያው ነበርሁ፤ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካው መሣሪያ) ጭነቱን ወዲያው ሲረከብ የአዳራሹ መብራት እንኳ አልተርገበገበም፣ ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላም ጀነሬተሮቹ ከውጭ ሲያጓሩ ተሰማ። ተረኛው ወጣት ቴክኒሽያን ወደ እኔ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ቡናዎን ይጨርሱ፤ ናፍጣው እስከ ነገ ይበቃል» አለኝ። ቡናዬን ጨረስሁ። ወደ አዳራሹ የሚገባው ሰው በሁለት በር ተፈትሾ በመዝገብ ነው፤ ሌሊት የሚደወልለት ስልክም በእርግጥ ይነሳል። ይህን ለአንባቢ ማብራራት አያስፈልግም፤ ያልተነሳ ስልክ ያላጋጠመው የለም።

ማቀዝቀዣውም ከጠበቅሁት በላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ማዕከሉም ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ማታና ንጋት ላይ ኮምፕረሰሮቹን አሳርፎ በውጭው አየር ይጠቀማል። ከፍታው ግን በነፃ አይሰጥም። አየሩ ስስ ስለሆነ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ማራገቢያው ብዙ አየር መግፋት አለበት፣ የናፍጣ ጀነሬተርም በዚህ ከፍታ ላይ ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ያህል ጉልበት አይሰጥም። ማዕከሉ ይህን አስቀድሞ አስልቶ ጀነሬተሮቹን ከፍ ባለ መጠን መግዛቱን መሐንዲሳቸው አሳይቶኛል፤ ለእኔ ከሚያብረቀርቀው እንግዳ መቀበያ ይልቅ እምነት ያሳደረብኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የተከራየነው ራክ 42 ዩኒት ከፍታ ያለው ቁም ሣጥን ሲሆን፣ ሁለቱ ሰርቨሮቻችን የሚይዙት 8 ዩኒት ብቻ ነው። የተቀረው ባዶ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር 350 ዋት የሚስቡ አራት ጂፒዩ ካርዶች (የሥልጠናውን ስሌት የሚሠሩ ልዩ ፕሮሰሰሮች) አሉት፤ ፕሮሰሰሩ፣ ማስታወሻውና ማራገቢያው ሲታከሉበት ወደ 2 ኪሎዋት ይደርሳል፣ ሁለቱ በአንድነት 4 ኪሎዋት መሆናቸው ነው። ውሉ ለአንድ ራክ የሚፈቅደው 5 ኪሎዋት ስለሆነ፣ ሦስተኛ ሰርቨር ስንገዛ ሠላሳ አራት ዩኒት ባዶ ቦታ እያለን ሁለተኛ ራክ ተከራዩ ተባልን። በቦታ ኪራይ ስም የምንገዛው በእርግጥ መብራት መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት።

የቤት ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ሰፈሩ በአንድ ምሽት ሲጋግር አምፖሉ ደብዘዝ የሚለው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ምጣድ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጠፋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና ሌት ተቀን የማይጠፋ ምጣድ ነው፤ የእኛ ትንሽ ሥራ እንኳ በወር ወደ 2,880 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህ ደግሞ ከትልልቆቹ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ስምንት ኤች100 ጂፒዩ ካርዶች የያዘው፣ የጂፒዩ አምራቹ የኤንቪዲያ ሰርቨር ብቻውን እስከ 10.2 ኪሎዋት ይስባል፣ ሰባ ሁለት ጂፒዩ በአንድ ራክ የሚያስቀምጠው ሌላው ሥሪታቸው ደግሞ ወደ 120 ኪሎዋት፤ ይህም ሠላሳ አራት ምጣድ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደማለት ነው። የጎሮው ማዕከል የታቀደው የባንክና የድረ ገጽ ሰርቨር ለማሳደር በመሆኑ እንዲህ ያለውን ጭነት የሚሸከም ገመድም ሆነ ማቀዝቀዣ የለውም፤ በድረ ገጹ ላይ «ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ዝግጁ» ብሎ መጻፉ ግን ልክ አይደለም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው ዳታ ሴንተሮች እ.ኤ.አ. በ2024 ዓመት 415 ቴራዋት ሰዓት (415 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት) ገደማ ተጠቅመዋል፤ ይህም ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1.5 በመቶ ሲሆን በ2030 ወደ 945 ቴራዋት ሰዓት እንደሚያድግ ይገምታል። በአየርላንድ በ2023 በቆጣሪ ከተለካው ኤሌክትሪክ 21 በመቶውን የወሰዱት እነሱ ናቸው፣ በደብሊን ዙሪያ አዲስ ማዕከል ለማገናኘት መከራ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተዘጋውን በአሜሪካ የሚገኘውን የስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ጣቢያ ክፍል አስከፍቶ 835 ሜጋዋቱን ለሃያ ዓመት ለመግዛት መዋዋሉ የሚያሳየው፣ ገንዘብ ያለውም ቢሆን መብራት ፍለጋ ላይ መሆኑን ነው።

እኛ ዘንድ ክርክሩ ሌላ መልክ አለው። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ ስለ ኃይል ያማረረ ሁሉ «ግድቡ አለ አይደል?» ይባላል። አለ። ግድቡ ካለበት ከጉባ የሚነሳው ባለ 500 ኪሎቮልት መስመር በደዴሳ በኩል አድርጎ ሆለታ ይደርሳል፤ ከዚያ ግን ኃይሉ በየማከፋፈያ ጣቢያው ደረጃ በደረጃ እየወረደ፣ በ15 ኪሎቮልት ሰፈር ገብቶ፣ በመጨረሻ በአንድ ትራንስፎርመር በኩል ነው ከደንበኛው አጥር የሚያልፈው። የሁለተኛው ራክ ጥያቄያችን የተያዘው እዚህ መጨረሻ ላይ ነው፦ የማዕከሉ ትራንስፎርመር በፊት ለገቡ ደንበኞች ተሸጦ አልቋል፣ ትልቁ ደግሞ ገና ታዟል። ጉባ ላይ የቱንም ያህል ተርባይን ቢዞር ይህን ወረፋ አያሳጥረውም። ለዚህ ማዕከሉን ብዙ አልወቅስም፤ የምወቅሰው ውሉን ስንፈርም በማግሥቱ ማስፋት እንደምንችል በመናገራቸው ነው።

የሂሳብ አከፋፈሉ ግን በቀጥታ ያስቆጣል። ለማቀዝቀዣና ለብክነት የሚታሰበው ኃይል የጋራ ስለሆነ የየደንበኛው ቆጣሪ ንባብ በአንድ ቁጥር ይባዛል፤ አሠራሩ በሌላ አገርም ያለ ነው። በአዳራሹ መግቢያ ላይ የተሰቀለው ስክሪን የዚህን ቁጥር ወርኃዊ አማካይ 1.4 ብሎ ያሳያል፤ ሰርቨሮቹ ለሚስቡት ለእያንዳንዱ 1 ኪሎዋት ማዕከሉ በጠቅላላው 1.4 ይስባል ማለት ነው፣ ጥሩ ውጤት ነው። ደረሰኛችን ላይ ያለው ማባዣ ግን 1.6 ነው፣ በውሉም ቋሚ ተብሎ ተቀምጧል። ልዩነቱ በእኛ ፍጆታ በወር 576 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ሌሊት ያተረፈውን እነሱ ይወስዳሉ፣ ለናፍጣው ደግሞ እኛ ለብቻ እንከፍላለን። ጥያቄ አቅርበን «በሚቀጥለው ዕድሳት ይታያል» ተብለናል።

ሌላ አንድ ሐሳብ አቅርቤላቸው ነበር። ሞዴል ማሠልጠን እንደ ባንክ ሥራ አይደለም፤ የደረሰበትን መዝግቦ ቆሞ፣ ከሰዓታት በኋላ ካቆመበት መቀጠል ይችላል። ከተማው ምሽት ላይ እራት ሲያበስል እኛ ቆመን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብንሠራ፣ በምላሹም ቅናሽና በዚያው ትራንስፎርመር ላይ ትንሽ ተጨማሪ ኪሎዋት ቢሰጠን፣ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ ሦስተኛው ሰርቨር ይገባ ነበር። እዚህ አገር ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር የሚቆፍሩት ኩባንያዎች ጭነታቸውን እንዲህ ማጥፋትና ማብራት እንደሚችሉ የታወቀ ነው፤ እነሱ ግን ኃይሉን በቀጥታ ከትልልቆቹ ማከፋፈያ ጣቢያዎች በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው፣ እንደ እኛ የሌላ ሰው ቁም ሣጥን ተከራዮች አይደሉም። የሽያጭ ኃላፊዋ በትሕትና አዳምጠውኝ እንዲህ ያለ ውል እንደሌላቸው ነገሩኝ።

የባንክ፣ የሆስፒታል ወይም የትምህርት ቤት መረጃ የሚያሳድር ሰው ያለ ስጋት ይግባ፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ከአምስት አራት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ጂፒዩ ይዞ የሚሄድ ግን ከቦታ ኪራዩ በፊት የኪሎዋት ጣሪያውን፣ ማባዣውንና የትራንስፎርመሩን ቀሪ አቅም በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በዚህ መለኪያ ከሁለት ተኩል አያልፉም። ሦስተኛው ሰርቨራችን እስካሁን ከነካርቶኑ ቢሮ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ያ ቴክኒሽያን ደውሎ «ጋሼ፣ ትራንስፎርመሩ ለጥምቀት ይደርሳል» ብሎኛል። የየትኛው ዓመት ጥምቀት እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀና አጣርቶ መልሶ እንደሚደውል ነገረኝ።