ብረት ድስታችሁን «ላድስላችሁ» ለሚል ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ይችን አንብቡ

እጄ አሁንም የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ሦስት ጊዜ ታጥቤዋለሁ። ከሸናንዶዋ፣ ቨርጂኒያ ካለው ብሔራዊ ፓርክ፣ የተመለስነው ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ድንኳኑን እንኳን ከመኪናው አላወረድኩም። ነገ ሲበርድልኝ ብጽፈው ጨዋ ሆኜ ነው የምጽፈው። ስለዚህ አሁኑኑ ልጻፈው።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። እሱን ባታውቁት ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ጋራዡን ከፍቶ የሚሠራው። ዋጋ ስትጠይቁት መጀመሪያ «ኧረ ስለ ገንዘብ እናወራለን እንዴ?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «ፈረንጅ ቢሆን 200 ዶላር ነበር የምለው፣ ላንቺ ስለሆነ 140» ይላል። አገርሽ የት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ የትም ብትሉት እዚያ አክስት አለችው። ደረሰኝ ስትሉት ፊቱ ይጠቁራል፣ እናቱን የሰደባችሁበት ይመስል። እኔም ደረሰኝ አልጠየቅኩም። አፈርኩ። በገዛ ገንዘቤ አፈርኩ!

ድስቱን ያገኘሁት አምና ነው። ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ ቤዝመንታቸውን አብሬያቸው አጸዳሁ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ አደን ይወጡ ነበር፤ ድስቱም የሳቸው ነበር። ሦስት እግር አለው። 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ክዳኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ፍም ሲደረግበት እንዳይንከባለል ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር አለው። ላዩ ላይ 12 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፣ ስፋቱ በኢንች ነው። ፈረንጆቹ ደች አቨን ይሉታል። እኔ ግን ገና ሳየው የታየኝ ድፎ ዳቦ ነው። እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች። እናታችን ምጣዱን በኮባ ሸፍና፣ ከላይ ቆርቆሮ ደፍታ፣ ቆርቆሮው ላይ ፍም ታደርግ የነበረው ማለት ነው። እዚህ ደግሞ ሰዎቹ ቆጥረውታል፤ ባለ 12 ኢንቹ ለዳቦ 24 ከሰል ይፈልጋል፣ 16 ከክዳኑ ላይ፣ 8 ከሥር። ለእንቁጣጣሽ ካምፕ ስንወጣ ቅዳሜ ዶሮ፣ እሁድ ጠዋት ድፎ ብዬ ስንት ወር አስቤበታለሁ።

ችግሩ ዝገት ነበር። የቤዝመንት እርጥበት ውስጡን በርበሬ አስመስሎታል። ሰው ጠየቅኩ፣ ሰው ወደዚህ ሰው ላከኝ። ማክሰኞ ዕለት «ለዕቃ መግዣ» ብሎኝ 140ውን በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላኪያው) አስቀድሜ ላክሁ። ከመሰጠቱ በፊት የድስቱን ፎቶ አንስቻለሁ? አላነሳሁም። የምሳዬን ፎቶ ሳነሳ የምውል ሰው ነኝ እኮ።

አሁን ሐሙስ ማታን ልንገራችሁ። ከትናንት ጀምሮ ከዓይኔ ላይ አልጠፋ ያለው እሱ ነው።

ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሄድኩ። ድስቱ ጋራዡ መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ነጭ ፎጣ ተነጥፎለታል፣ ከላይ አምፖል በርቶለታል። ሙሽራ በሉት። ጥቁር ነው፣ ግን እንዴት ያለ ጥቁር! ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት፣ ያብለጨልጫል።

«እህሳ እቱ፣ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ውይ፣ ይሄ የኔ ነው?»

«በእሳት ነው ያጠራሁልሽ። ወርቅስ የሚጠራው በእሳት አይደል?»

ሁለት ጎረምሶች ጥግ ላይ መኪና ጎማ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን እያዩ ነበር። የሚያግዙት ልጆች ናቸው።

እጄ ሳላስበው ነው የሄደው። እናቴ ሸክላ ተራ ሄዳ ማሰሮም ሆነ ጀበና ሳታንኳኳ ገዝታ አታውቅም። በግራ እጇ ታነሳዋለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ በመሐል ጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ትከፍላለች። ከታፈነ ታስቀምጠዋለች፤ ሻጯ ብትምል ብትገዘት አትሰማትም። እኔም የድስቱን ሽቦ ማንጠልጠያ ያዝኩና ከፎጣው ላይ ትንሽ ብድግ አደረግኩት።

ሰውዬው ያን ጊዜ መዳፉን ዘርግቶ የድስቱ ከንፈር ላይ አሳረፈ። አልቸኮለም፣ አልደነገጠም። የሚሸጥ በግ ጀርባ እንደሚዳብስ ሰው፣ ቀስ ብሎ።

አንኳኳሁ። ዱፍ አለ።

ቀና ብዬ አየሁት።

«እንዴ! ሸክላ መሰለሽ እንዴ?» አለኝ። «ብረት እኮ ነው እህቴ። ገበያ ወጥተሽ ማሰሮ እየገዛሽ ነው?»

አንደኛው ጎረምሳ ከስልኩ ቀና ብሎ «ከበሮ አደረገችው!» አለ። ሁለተኛው እስክስታ ነገር ትከሻውን ነቀነቀ። ሳቁ። እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? አብሬያቸው ሳቅኩ። «አይ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። በ140 ዶላሬ፣ በገዛ ድስቴ፣ ይቅርታ!

መዳፉ ከድስቱ ላይ የተነሳው እኔ ማንጠልጠያውን ከለቀቅኩ በኋላ ነው። ይሄን ያን ዕለት አይቼዋለሁ፤ ግን የገባኝ ትናንት ነው። ደህና ብረት ድስት አንጠልጥላችሁ ስታንኳኩት እንደ ደወል ይጮሃል። ስንጥቅ ካለው ድምፁ ይታፈናል። እጅ ካረፈበትም ይታፈናል፤ ደወል በመዳፋችሁ ይዛችሁ ምቱት እስኪ። ያ ሰው ለምን እንደማንኳኳ ከኔ በላይ ያውቅ ነበር። ድንገት ያረፈ እጅ አልነበረም።

ስወጣ ደግሞ መከረኝ። «በሳሙና እንዳትነኪው፣ ብረት ሳሙና አይወድም። በውሃም አታጥቢው፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ብቻ።» ቁም ነገረኛ ሰው ነው ብዬ አመሰገንኩት። በደንብ የተሟሸ ብረት ድስት የዛሬ ዘመን የዕቃ ሳሙና ምንም አያደርገውም፤ ታጥቦ ወዲያው መድረቅ ብቻ ነው ያለበት። እሱ የፈራው ለማሟሻው አልነበረም። ቀለሙ እንዳይለቅ ነው!

አዎ፣ ቀለም ነው። የሚረጭ ቀለም።

ቅዳሜ ሸናንዶዋ ውስጥ ቢግ ሜዶውስ የሚባለው የካምፕ ቦታ 14 ሆነን ሰፈርን። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ቤት ከትፌ ሄጃለሁ። ሁለት ዶሮ፣ 24 ብልት፣ 14 እንቁላል። ቁሌቱን ገና ማቁላላት ስንጀምር አንድ ሽታ መጣ። የጎረቤት ድንኳን እሳት ውስጥ ፕላስቲክ የጣሉ መሰለኝ፤ እንዲያውም በሆዴ ተቆጣኋቸው። ቀጥሎ ማማሰያው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነገር ታየኝ። በርበሬው አረረ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በርበሬ ገና አልጨመርኩም ነበር፤ ሰው ራሱን ሲያታልል እንዲህ ነው። ዶሮው ገብቶ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ከሥር ፍሙ ጭስስስ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከአንደኛው እግር ሥር ቀይ መረቅ እየተንጠባጠበ ነው።

ድስቱን አወረድነው፣ ገለበጥነው፣ ባትሪ አበራንበት። ከእግሩ ሥር ጀምሮ ወደ ላይ አንድ ስንዝር ስንጥቅ። ስንጥቁ ውስጥ ግራጫ ነገር ተሞልቶበታል፣ የብረት መሙያ ማጣበቂያ ነው። በቢላ ጫፍ ስነካው ማስቲካ ሆኖ ተጎተተ። በዙሪያው ቀለሙ እንደ ፀሐይ እንዳቃጠለው ቆዳ ተልጧል። ከሥሩ ያለው ብረት ቀላ ያለ ቅርፊት አውጥቷል። ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ ቁሌቱን፣ ሁሉንም ድብ እንዳይከፍተው ተደርጎ በተሠራው የቆሻሻ ሣጥን ከተትነው። ድቡም ባይከፍተው ተረፈ።

የጓደኛዬ እናት ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው። ብርድ ልብስ ለብሰው ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩና፣ በጣም ቀስ ብለው «ልጄ፣ ስትቀበይው አላንኳኳሽውም?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? «አንኳኩቼ ነበር እማማ፣ ስቀውብኝ ተውኩት» ልበል? ዝም አልኩ። የበዓል እራታችን ዳቦ በቱና ሆነ። ከጎን ያሉት ፈረንጆች፣ እኒያ በሆዴ የተቆጣኋቸው፣ ሆት ዶግ ላኩልን።

ዛሬ ከተራራው ስንወርድ ስልክ ሲመጣልኝ ደወልኩለት። መጀመሪያ «ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረሽበት ነው የተሰነጠቀው» አለ። ማጣበቂያውንስ እኔ ነኝ የሞላሁት ስለው «እሱማ ከመጀመሪያውም ስንጥቅ ነበረው» አለ። ሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ታሪክ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «አንቺስ መቼ ጠየቅሽ?» አለኝ። ከኋላ ያ «ከበሮ አደረገችው» ብሎ የሳቀብኝ ልጅ ሲስቅ ይሰማኛል፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። «ብረት መያዝ ለለመደው ነው እህቴ፣ ላንቺ ቴፍሎን ይሻልሻል» ብሎ ዘጋው። መልሼ ስደውል ብሎክ አድርጎኛል። ዜል ደግሞ ወደህ ከላክህ ላክህ ነው፤ ባንኩ ምን እንደሚለኝ ከወዲሁ አውቀዋለሁ።

ጓደኛዬ እየነዳች እኔ ስልኬ ላይ ሳነብ መጣሁ። «በእሳት አጠራሁት» ያለው ውሸት አይመስለኝም፤ ድስቱን የገደለው እሳቱ ነው። ካስት አይረን፣ ማለትም ድስቱ የተሠራበት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን አለበት፤ ጠንካራ ነው ግን ተሰባሪ ነው። የደረቀ ስቡንና ዝገቱን በአንዴ ለመገላገል ትልቅ እሳት ውስጥ የሚጥሉት አሉ። እስኪግል ከቆየ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ያን ቀይ ቅርፊት ያወጣል። ያ ቅርፊት ደግሞ ማሟሻ አይዝም። አልይዝ ሲለው ቀለም ረጨበት፣ ስንጥቁን ሞላው፣ ፎጣ አነጠፈለት።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ሥራው ቀላል መሆኑ ነው። አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ነው፤ ብዙ ከቆየ አቼቶው ብረቱን ራሱን ይበላዋል። በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ መፈግፈግ፣ ማጠብ፣ ወዲያው እሳት ላይ ማድረቅ። ከዚያ ማሟሸት። ዘይት በስሱ ትቀቡታላችሁ፤ ቀጥላችሁ በስህተት የቀባችሁት ይመስል ጥርግ አድርጋችሁ ትወለውሉታላችሁ። ዘይት ከበዛ ይጣበቃል። ገልብጣችሁ አቨን ውስጥ 450 ፋራናይት ላይ አንድ ሰዓት። በዚያው ይቀዝቅዝ። ሦስት አራቴ ትደግሙታላችሁ። እናቴ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እያሸች ስታሟሽ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ ያደግኩት ይሄንኑ ነው። ዘይቱ በሙቀት ጋግሮ ቆዳ ይሆናል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። አንድ ጠርሙስ አቼቶና የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነበር። እኔ ግን ምጣድ የምታሟሽ ሴት ልጅ ሆኜ ሳለ 140 ዶላር ከፍዬ የሰው ጋራዥ ውስጥ ተሳቀብኝ።

ስንጥቁ ይበየዳል ወይ ለምትሉኝ፣ ካስት አይረን መበየድ አስቸጋሪ ነው፤ ቢበየድም እንደገና ፍም ላይ አስቀምጬ ለሰው ልጅ አላበላበትም።

እንግዲህ ምክር ካላችሁት፦ ሳትሰጡ ፎቶ አንሱ፣ ስትቀበሉ አንጠልጥላችሁ አንኳኩ፣ የማንም እጅ እንዳያርፍበት። እግር የሌለው ከሆነ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ከተንገዳገደ ተጣሟል ማለት ነው። ከመጠን በላይ የሚያብለጨልጭ ጥቁር በሙቅ ውሃና በሳሙና አሽታችሁ እዩት። ከገበያ አሮጌ የምትገዙ ደግሞ ጠይቁ፤ አዳኝና ዓሣ አጥማጅ እርሳስ ያቀለጠበት ድስት አለ፣ እሱ ቢሟሽም ለምግብ አይሆንም።

ክዳኑ ደህና ነው። ማታ በረንዳ ላይ አንጠልጥዬ አንኳኳሁት፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮኸ። ባለ 12 ኢንች፣ ሦስት እግር ያለው፣ ክዳኑ የጠፋበት ድስት ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቢዝግም ግድ የለኝም።