ልጄን ላስጠኑልኝ መምህርት ምስጋና

ሳሪስ አካባቢ ለልጃችሁ የእንግሊዝኛ አስጠኚ የምትፈልጉ ወላጆች፣ ይህችን ጽሁፍ አንብቡልኝ። ልጄን የሚያስጠኑልኝ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ፣ ልጄ እንደምትጠራቸው «ቲቸር» ልበላቸው።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ ደብተሯ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተሞልቶ ይመጣ ነበር። «ቱ ካፕ»፣ «ፋይቭ ስፑን» ብላ ትጽፋለች፤ «ኤስ»ን ትተዋለች። አንድ ቀን ከስሩ «አታጠናም» ተብሎ ተጽፎ ሳይ አንጀቴ አረረ። ማታ ማታ አብሬያት የምቀመጠው እኔ ነኝ። ታጠናለች።

ቲቸር የመጀመሪያው ቀን ደብተሩን አገላብጠው አዩና ዘጉት።

«ሱቅ ስትላኪ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«አምስት እንቁላል ስጠኝ።»

«አምስት እንቁላሎች አትይም?»

ልጄ ሳቀች።

«አየሽ፣ በአማርኛ አምስት ካልሽ በቃ፣ መብዛቱ ታውቋል። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩን ሰምቶም ስሙ ላይ ምልክት ይፈልጋል።»

ኩሽና ቆሜ እየሰማሁ ነበር። ለካ ልጄ ሰንፋ አይደለም፤ በአማርኛ ሕግ እንግሊዝኛ እየተናገረች ኖሯል! እስከዚያ ቀን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ማስተማሪያው የኩሽናዬ ዕቃ ሆነ። ኩባያ፣ ማንኪያና ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። እጇን ጉሮሮዋ ላይ ታደርጋለች። «ካፕስ» ስትል መጨረሻው ላይ ጉሮሮዋ ዝም ይላል፤ «ስፑንዝ» ስትል ይነዝራል። «ግላስ» ደግሞ ራሱ በ«ስ» ስለሚያልቅ «ግላሲዝ» ይሆናል። ሦስቱም ሲጻፉ መጨረሻቸው «ኤስ» ነው፣ ሲነገሩ ግን ይለያያሉ። እኛ ስንማር ይህን ማንም አላሳየንም።

«ፉት ሲበዛ ፊት ነው» ሲሏትማ እጇን ወደ ፊቷ ወሰደች። ቲቸር ሁለቱን እግሮቿን መታ መታ አደረጉና «እነዚህ ናቸው ፊት» አሏት። እንዲህ ቅርጻቸውን የሚለውጡትን ቃላት ዝም ብለው አያስሸመድዱም። «መጽሐፍ ሲበዛ መጻሕፍት አይደል? መጻሕፍቶች ካልሽ ሁለቴ አበዛሽው። ችልድረንስ ማለትም እንደዚያው ነው» ብለው ከምታውቀው ይነሳሉ። በጣም የወደድኩላቸው ይህን ነው። አማርኛዋን እንደ እንቅፋት አይቆጥሩባትም።

ትናንት ዕቃ ስታቀብለኝ «ስሪ ስፑንዝ» አለችኝ። እጇ ጉሮሮዋ ላይ ነበር።

ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

የሚያስጠኑት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከትምህርት ቤት መልስ ነው። የቤት ሥራ ግን ሠርተው አይሰጡም፣ ይህን ከወዲሁ እወቁት። አሁን ለሁለት ልጆች ቦታ አላቸው፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።