ክራውል ስፔሱ ክፍት ይሁን ወይስ ይታሸግ?

አትላንታ አካባቢ ቤት የገዛ ሰው ይህን ቀን ያውቀዋል። ኢንስፔክተሩ ከክራውል ስፔሱ፣ ማለትም ከቤቱ ሥር በመሬቱና በወለሉ መካከል ካለው ዝቅተኛ ባዶ ቦታ፣ እየተንፏቀቀ ይወጣና «ታች እርጥበት አለ» ይላል። ከዚያ ኮንትራክተሮች ይመጣሉ። አንዱ በጥቂት መቶ ዶላር ፕላስቲክ አንጥፎ ሊሄድ ይፈልጋል። ሌላው ሁሉንም አሽጌ ልስጣችሁ ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠራል።

የቆየው አሠራር ክፍቱ ነው። በመሠረቱ ግድግዳ ላይ የነፋስ ቀዳዳዎች ይተዋሉ፤ ወለሉን በተሸከሙት እንጨቶች መካከል ደግሞ ሙቀትና ቅዝቃዜ እንዳያልፍ የሚከላከል ፋይበርግላስ (ኢንሱሌሽን) ይወተፋል። ነፋሱ ገብቶ ያደርቀዋል ተብሎ ነው። ደረቅ አገር ላይ ይሠራል። ጆርጂያ ውስጥ ግን ጁላይ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲያልበው አይታችኋል አይደል? ታችም እንደዚያው ነው። ከውጭ የገባው ሞቃትና እርጥብ አየር ኤሲው ያቀዘቀዘውን ቱቦ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ፋይበርግላሱ ይረጥባል፣ ይከብዳል፣ ይወርዳል። እኔ ቤት ሥር ስገባ እንደ አሮጌ ፍራሽ ተዘርግፎ ነው ያገኘሁት። አይጦቹ ግን ወደውት ነበር።

ሲታሸግ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ። መሬቱ በፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ፕላስቲኩ ግድግዳው ላይም ወጣ ይልና መጋጠሚያው ሁሉ በቴፕ ይያዛል። ኢንሱሌሽኑ ከወለሉ ሥር ሳይሆን ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እርጥበት የሚመጥ ማሽን ይገባል፣ ወይም ከኤሲው ትንሽ አየር ይለቀቅለታል። አድቫንስድ ኢነርጂ የተባለው ድርጅት ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሁለቱን ዓይነት ቤቶች አነጻጽሮ፣ የታሸጉት ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ በአማካይ 15 በመቶና ከዚያ በላይ እንደቆጠቡ አግኝቷል። ለእኔ ትልቁ ትርፍ ግን የሻጋታ ሽታው መጥፋቱ ነው። ማሽኑ መብራት እንደሚበላና ማጣሪያው መጽዳት እንዳለበት ግን አትርሱ።

ዕቃው ላይ ብዙ አትጨነቁ። 6 ሚል ፕላስቲክ (አንድ ሚል የኢንች አንድ ሺህኛ ውፍረት ነው) ሕጉን ያሟላል፤ ግን የቧንቧ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ከዳኸበት ይቀደዳል። 12 ሚል ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። 20 ሚል ታች ዕቃ ለሚያስቀምጥ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ፎም ቦርድ በአንድ ኢንች ውፍረት አር 5 አካባቢ ይሰጣል፤ አር ሙቀት እንዳያልፍ የመከላከል አቅም መለኪያ ነው። ጥቅጥቅ ያለው ስፕሬይ ፎም ከ6 በላይ ይደርሳል፤ ወጣ ገባ የድንጋይ ግድግዳም ላይ በደንብ ይያዛል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። የትኛውንም ብትመርጡ ከላይ 3 ኢንች ያህል ባዶ ይተውላችሁ። ምስጥ ሲወጣ የሚታየው እዚያ ነው። ምስጥ ደግሞ እዚህ አገር አይጠፋም።

የማይታሸግም ቤት አለ። ጎርፍ የሚደርስበት ቦታ ከሆነ ውሃው መግቢያና መውጫ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። አየሩን ከታች የሚስብ የጋዝ ማሞቂያ ካለ ደግሞ ማሸግ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ሊጋብዝ ይችላል፤ መጀመሪያ ማሞቂያው ይቀየር። ዴካልብ፣ ጉዊኔት፣ ኮብ ወይም ፉልተን ካውንቲ ከሆናችሁ ሬዶንም (ከመሬት የሚወጣ ሽታ የሌለው ራዲዮአክቲቭ ጋዝ) አስለኩ፤ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢፒኤ) ካርታ ከፍተኛው ዞን ውስጥ ናችሁ። ልኬቱ 4 ፒኮኪዩሪ በሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ይስተካከል።

የኤሲው ቱቦ ታች የሚያልፍ ከሆነ እኔ ገንዘቤን የማወጣው ለማሸግ ነው። ቱቦ ከሌለና እንጨቱ ደረቅ ከሆነ ጥሩ ፕላስቲክ ይበቃል። በሁለቱም ግን አንድ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት ዝናብ ሲጥል ውጡና አሸንዳው ውሃውን የት እንደሚያፈስ እዩ። እኔ ቤት ግማሹን እርጥበት ያመጣው ግድግዳው ሥር የሚያፈሰው አሸንዳ ነበር። ማስረዘሚያ ቱቦውን በአንድ ቅዳሜ ገጠምኩት።