ሪንገር ላይ ሪንገር ወይስ ዶቡታሚን?

"ፈረሱ በማደንዘዣ ተኝቶ የደም ግፊቱ ሲወርድ ሪንገር ልጨምር ወይስ ዶቡታሚን ልግዛ?" የሙያ ጓደኞቼ ይህን ስንቴ እንደጠየቁኝ! ልብ የሚያበረታውን መድኃኒት፣ ዶቡታሚንን ግዙ።

ሪንገር፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጠው ጨዋማ ፈሳሽ፣ ይቅር አላልኩም። ለ500 ኪሎ ፈረስ በሰዓት 5 ሊትር ገደማ ይሂድለት። ጣጣው የሚጀምረው አማካይ የደም ግፊቱ ከ70 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲወርድና ሰው ደንግጦ ከረጢት በከረጢት ላይ ሲሰቅል ነው። ዝም ከተባለ ጡንቻው ደም አጥቶ ፈረሱ ሲነቃ መቆም ሊያቅተው ይችላል፤ ድንጋጤው ልክ ነው። ግን ግፊቱን ያወረደው ብዙ ጊዜ ማደንዘዣው ጋዝ፣ አይሶፍሉሬኑ ነው። የደም ሥር ያላላል፣ ልብ ያደክማል። የደከመ ልብ በውሃ አይበረታም። ከገባው ሪንገርም አብዛኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደም ሥር ወጥቶ ይሰርጋል።

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። ባለ 250 ሚሊግራሟ የዶቡታሚን ብልቃጥ ስትታይ ውድ ናት። 500 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ ጨምሯት። ለዚያው ፈረስ በኪሎ 1 ማይክሮግራም በደቂቃ ማለት፣ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ነው። በሁለት ሰዓት ሩቧ እንኳ አታልቅም። ግፊት ፍለጋ ሪንገሩን እጥፍ ያደረገው ሰው ግን በዚያው ሁለት ሰዓት 10 ሊትር ተጨማሪ ከፍሏል።

መድኃኒቱን በልክ የሚያስገባው ፓምፕስ? እኔ ርካሽ ብዬ አስመስለው የሠሩትን ገዝቼ ተቃጥያለሁ። ስክሪኑ ሌላ ይላል፣ ከረጢቱ ሌላ። አንድ ቀን የተኛው ፈረስ ልቡ መጋለብ ጀመረ! ዘጋሁት፤ ደግነቱ ዶቡታሚን በደቂቃዎች ውስጥ ከሰውነት ይጠፋል። ጥገናው የአዲስ ዋጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ ባትሪው ደግሞ በወሩ ሞተ። አሁን ጠብታ እቆጥራለሁ። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆንበት ቱቦ፣ በደቂቃ 20 ጠብታ። ባለ 60 ጠብታ ቱቦም ስላለ ማሸጊያውን አንብቡ። መቆጣጠሪያ ጎማው የሚንሸራተተውን ርካሽ ቱቦ በነፃም አትውሰዱ።

ከፓምፑ የተረፈውን ብር የደም ግፊት መለኪያ ላይ አውሉት። ሳትለኩ ዶቡታሚን አትጀምሩ። ሰው ክንድ ላይ የሚታሰረው ባለ ጠቋሚ ቀስት የግፊት መለኪያ ራሱ፣ ፊት ላይ ካለ ደም ቅዳ ጋር በቱቦ ከተገናኘ አማካዩን ያሳያል።

ሆዱን ታሞ የደረቀ ወይም ደም የፈሰሰው ፈረስ ከሆነ ግን ፈሳሽ ይቀድማል። እዚያ 7.2 በመቶው ሳላይን ዋጋውን ያወጣል፤ 2 ሊትር ብቻ ነው፣ ሪንገር ግን ሊከተለው ግድ ነው። ስታርች የሚባለውን የደም ሥር ፈሳሽ አልገዛም። ውድ ነው፣ የደም መርጋትንም ያውካል።

የደም አሲድን የሚቀንሰው ባይካርቦኔት በሚሄድበት መስመር ዶቡታሚን አታስገቡ፤ ይበላሻል፣ ብልቃጧም ከነዋጋዋ ትቀራለች።