ለተራራ መሪያችን ምስጋና፣ መሪ ለምትፈልጉም ጥቆማ

በዚህ በጋ እኔና ጓደኞቼ ድንኳናችንን ተሸክመን፣ ከሰው መንደር ርቀን ብዙ ተጉዘናል። ተራራም ወጥተናል። የመራችን አንዲት እህት ናት። ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ ስለማትፈልግ አልጠራውም። ከእሷ ጋር መውጣት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ።

መንገድ የሚያሳይ ሰው ሞልቷል። ለምን በዚህ እንደሚኬድ፣ ለምን አሁን እንደሚቆም ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። እሷ እያንዳንዱን ውሳኔ ከነምክንያቱ ትነግረን ነበር። ይህን ጽሁፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሥራዋን የጀመረችው ገና ከቤት ሳንወጣ ነው። ሁላችንንም ለየብቻ እየደወለች አነጋገረችን። የምትወስዱት መድኃኒት አለ? ጉልበት ያማችኋል? ገደል ያስፈራችኋል? ሁላችንም በተሰበሰብንበት ብትጠይቀን ኖሮ ግማሾቻችን እውነቱን አንናገርም ነበር። ከዚያ ቦርሳችንን አስዘረገፈችን። የጥጥ ልብስ በሙሉ ወጣ፤ ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም፣ ቶሎም አይደርቅም። የዝናብ ጃኬትና የግንባር መብራት ግን ሰማዩ ጥርት ቢልም ለሁሉም ሰው ግዴታ ነበር።

የሰዓት አያያዟን ወድጄላታለሁ። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት አለ። ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ አንድ ሰዓት ይያዛል፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። እሷ ከዚህ ትነሳና የሸክማችንን ክብደትና የድካማችንን መጠን አይታ ትጨምርበታለች። የመመለሻ ሰዓትም አስቀድማ ትቆርጣለች። ከፊት የምታስቀድመው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ሰው ነው። ከዚህ በፊት አብረነው የወጣን ሌላ መሪ እሱ ፊት ፊት እየሮጠ ከኋላ የቀረነውን በፉጨት ይጠራን ነበር።

ከ3,000 ሜትር በላይ ስንሆን የምናድርበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አታደርገውም። በየ3 ወይም 4 ቀኑም እረፍት አለ። አንድ ምሽት አንዷ ጓደኛችን ራሷን አመማት፣ ምግብም አስጠላት። «ድካም ነው፣ ይተወኛል» አለች። መሪያችን ግን ከፍታ ላይ የመጣ ራስ ምታት ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ የከፍታ ሕመም ተደርጎ እንደሚወሰድ ነገረችን። በማግስቱ እዚያው ዋልን። ሌሊቱን እየተነሳች አየቻት። የአንድ እግሯን ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገናኘች ቀጥ ባለ መስመር እንድትራመድም አደረገቻት። እንዲህ መራመድ ያቃተው፣ ሐሳቡ የተምታታበት ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ አለበት። ጓደኛችን እዚያ ሳትደርስ ተሻላት።

የበረዶ ግግሩ ላይ ከመውጣታችን በፊት አንድ ሙሉ ቀን ልምምድ ነበር። ብንንሸራተት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ የሚያሳርፈን ቁልቁለት መረጠችልን። በሆዳችንም በጀርባችንም እየተንሸራተትን በበረዶ መጥረቢያ ራሳችንን ማቆም ተማርን። በገመድ ተያይዘን ስንሄድ ገመዱ እንዳይላላ ደጋግማ ታርመን ነበር። በረዶ የሸፈነው ስንጥቅ ከላይ አይታይም፤ ገመዱ ከላላ የገባው ሰው ርቆ ይወርዳል፣ ሌላውንም ይጎትታል። ሌሊት የምታስነሳንም ለዚሁ ነው። ፀሐይ ከበረታች በስንጥቁ ላይ ያለው የበረዶ ድልድይ ይላላል፣ ብርድ አጣብቆ የያዛቸው ድንጋዮችም መውደቅ ይጀምራሉ።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናት ግን ጫፉ ፊት ለፊታችን እየታየ ስለመለሰችን ነው። ነጩ ደመና ወደ ላይ ተቆልሎ ሆዱ መጥቆር ጀምሮ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «እባክሽ ግማሽ ሰዓት ብቻ» ብሎ ለመናት። አልተቆጣችም። ቆም አለችና ደመናውን እያሳየች አስረዳችው። በበጋ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ሽቅብ ይወጣና ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያመጣል። ሸንተረር ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚቆመው ደግሞ ሰው ነው። ወረድን። ታች ደርሰን ብዙም ሳንቆይ ሰማዩ ተናጋ። በብልጭታውና በድምፁ መካከል ያለውን ሰከንድ አስቆጠረችን። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ቆጠራው 30 ካልሞላ መብረቁ ሊያገኘን በሚችልበት ርቀት ላይ ነን ማለት ነው። ለብቻው ከቆመ ዛፍ አራቀችን፣ እርስ በርሳችንም ተራርቀን እንድንቀመጥ አደረገች። መብረቅ ቢወርድ ሁላችንንም አንድ ላይ እንዳያገኘን ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ እስኪሞላ አላንቀሳቀሰችንም። የለመናት ጓደኛችን ራሱ ሄዶ እጇን ይዞ አመሰገናት።

ቡድናችሁ ውስጥ ጀማሪም የለመደም ካለ ያለምንም ማመንታት እጠቁማታለሁ። ጫፍ ላይ ፎቶ መነሳት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን አልጠቁማትም፤ አይግባቡም። ሌላ መሪ የምትይዙ ከሆነም የሥልጠና ማረጋገጫውን ጠይቁ። የዓለም አቀፉ የተራራ መሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተ ነው፤ የእሱን ባጅ ለማግኘት ዓመታት የሚወስድ ሥልጠና ያስፈልጋል። በተጨማሪም «ለመጨረሻ ጊዜ ጫፍ ሳትደርስ የተመለስከው መቼ ነው? ለምንስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥሩ መሪ ለዚህ መልስ አያጣም።

እህታችን፣ እግዜር ይስጥልን። ላሳየሽን ትዕግሥት ሁላችንም እናመሰግንሻለን። ለሚቀጥለው በጋም ከአሁኑ ቀን ያዢልን፤ የመለስሽንን ተራራ ካንቺ ጋር ልንሞክረው ተስማምተናል።